ሳጥኑስ ለውሻዋ ነው

ደህና ዋሉ ጋሼ? ይግቡ፣ ይግቡ… ጫማዎን አያውልቁ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከቆመ ሰነበተ። ወለሉም ቢሆን ከእንግዲህ የሌላ ሰው ነው፤ ቢረግጡት የሚቆጣዎት የለም። ፀሐዩ ዛሬ ጉድ ነው መቼስ። በዚህ ሙቀት መሣሪያ ተሸክሞ የሰው ቤት መዞር ቀላል አይደለም። ለነገሩ ሙቀት ጥሩ ነው ይላሉ፣ ለጉልበት። ለአንዳንድ ጉልበት።

ውሃ ልቅዳልዎ። ወንበሮቹ ተሽጠዋል፤ እዚያ የመጻሕፍት ካርቶን ላይ ይቀመጡ፣ ይችልዎታል። እኔ የቤቱ ባለቤት ታላቅ እህት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እንደ እርስዎ ከሜትር ጋር ነው የምኖረው፤ እርስዎ ሳንቃ ይለካሉ፣ እኔ ወገብ። ሰሞኑን ሱቄን ዘግቼ ዕቃ ላሽግ ብዬ ነው የመጣሁት። ወንድሜና ሚስቱ እዚህ ከጎናችን ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለሉ። ኮሽ ኮሽ ሲል ይሰማዎታል አይደል? ኧረ በሩን አይዝጉት፣ ይናፍስ። ወሬም አየር ያስፈልገዋል፤ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሸታል።

የምትለካው ይቺ ናት። እሜቴ ነው የምንላት። አትነክስም፣ አይፍሯት፤ ድሮ ነበር የምትነክሰው፣ አሁን ጥርሷ ሲያልቅ መላስ ጀምራለች። ሰውስ እንደዚያ አይደል? ለሳጥኑ ደግሞ ሕግ አለው ተብሏል። ውሻዋ ውስጡ ቀጥ ብላ መቆም፣ ዞር ማለት፣ ተዘርግታ መተኛት መቻል አለባት፤ አለዚያ አውሮፕላኑ አይቀበላትም። በሁሉም ጎን መተንፈሻ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ጥሩ ሕግ ነው ጋሼ። ለሰው እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ስንቱ ቤት ይፈርስ ነበር።

እንደው ሳልነግርዎት። ጠዋት ለጎረቤታችን "ዛሬ አናጢ ይመጣል፣ ሳጥን ሊለካ" ብዬ አፌ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ለብሳ መጣች። "መቼ ነው ያረፉት?" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ወደ ጓሮው ክፍል በዓይኗ እየጠቆመች። እዚያ እናታችን አለችና። "ምን ነካሽ፣ እናቴ ደህና ናት፣ ሳጥኑስ ለውሻዋ ነው" ብላት፣ ይባስ አዘነች። ለምን ይባስ እንዳዘነች እስካሁን ግራ ገብቶኛል።

በሉ እርስዎ ይለኩ፣ እኔ ላጫውትዎ። ነገር ነገርን ያነሳዋል… አንድ የማውቀው ሰው አለ። ይህ ቤት እንዳይመስልዎ፤ የዚያ ሰውዬ ቤት ከዚህ ሩቅ ነው፣ እጅግ ሩቅ። መንገዱን ብጠየቅ እንኳ ማሳየት አልችልም። እሱም እንደዚሁ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴት ሊሄድ ተነስቷል። ዘንድሮ ደሴት የማይሄድ ማን አለ? እኔና እርስዎ ቀረን።

ሰውየው፣ እግዜር ይባርከውና፣ እጁ ወርቅ ነው። ሙያው ማቀዝቀዝ ነው። የትልልቅ ሆቴል ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ብሎን አላልቶ፣ ብሎን አጥብቆ፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚያመው ያውቃል። እናቱ ለሰው ሁሉ "የእኔ ልጅ ማሽን ሲያቃስት ይሰማል" እያለች ስትኩራራ ኖራለች። እውነቷን ነው። ማሽን ሲያቃስት ይሰማል። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይጠፋበት፣ ዘንባባ ብቻ የበቀለበት ደሴት ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል ቀጠረው። ብልሆች ናቸው። ሞቅ ያለ ቤት አቀዝቅዞ ያሳየ ሰው ደሴት አያቅተውም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሙያው አይደለም፣ ደግነቱ ነው። "ቤት ይሸጣል፣ መኪና ይሸጣል፣ እንስሶቼን ግን ጥዬ የትም አልሄድም" አለ። አንጀት አይበላም? አንድ ድመት፣ አንድ በቀቀን፣ አንዲት ውሻ። ድመቱ እንቅልፋም ነው፤ ቢወስዱትም ቢተዉትም የሚነቃ አይመስለኝም። በቀቀኑ ደግሞ የእናትየውን ድምፅ ቀድቷል። ሰውየው ከሥራ ሲገባ "በላህ? የኔ ልጅ፣ በላህ?" ይለዋል፣ ቁርጥ እሷን። ይህን ወፍ ይዞ መሄዱ ብልጠት ነው ጋሼ። የእናት ድምፅ ነው፣ ግን ጉልበቴን አይል፣ ጨጓራዬን አይል፣ ሲሰለቻቸው ጨርቅ ጣል ያደርጉበታል።

ውሻዋ አርጅታለች፣ እንደዚችው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጆሮዋ ከብዷል፣ ብርድ ሲሆን ታቃስታለች። እናትየውም እንደው መገጣጠሙ፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጆሮዋ ከብዷል። ሐኪሙ ታዲያ "ሙቀቱና የባሕሩ አየር ለጉልበቷ ፍቱን ነው፣ ትታደሳለች" አለ። የውሻዋ ሐኪም ማለቴ ነው፤ የእናትየውን ሐኪም ማን ጠይቆት። ለእናትየው "ሙቀቱ አይስማማትም" የተባለው እንዲሁ እቤት ውስጥ ነው፣ እራት ላይ፣ እሷ ሳትሰማ፣ ዳቦ እየተቆረሰ። ያው ሙቀት፣ ያው ጉልበት… እኔ እንግዲህ አልተማርኩም። ምናልባት እግሩ አራት ሲሆን ይለያል።

ቤቱንም ሲመርጡ ተጠንቅቀው ነው። ሚስትየው በስልክ ፎቶ እያገላበጠች ስንቱን ጣለች። አንዱ ባሕሩን ያያል ግን ደረጃ አለው፤ ውሻዋ ደረጃ አትችልም። ሌላው ምድር ላይ ነው ግን ግቢው ጠጠር ነው፤ መዳፏን ይቆረቁራታል። በመጨረሻ ደረጃ የሌለው፣ ሣር ያለው፣ ለድመቱ ሰፊ መስኮት ያለው ተገኘ። ትርፍ ክፍልም አለው። "ለእንግዳ ይሆናል" አሉ። ባሕር አቋርጦ ማን እንግዳ እንደሚመጣባቸው እንጃ፤ ግን ሰው ወዳድ ናቸው፣ ለማያውቁት ሰው አልጋ አንጥፈው ይጠብቃሉ። እናትየው የምትገባበት የእህቱ ክፍል ደግሞ ከልብስ ስፌት ሱቅ በላይ ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ። ቀጥ ብላ ትቆምበታለች፣ ትተኛበታለች። ዞር ማለቱን… ለዞር ማለቱ የስፌት መኪናዋን ትንሽ መግፋት ያስፈልጋል።

ለውሻዋ ክትባት ሲሰጥም ራሱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያስወጋት። አንገቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ቀበሩላት፤ ብትጠፋ የማን እንደሆነች የምትናገር። መርፌው ሲገባ የሰውየው እንባ ቅርር አለ። የወንድ ልጅ እንባ ውድ ነው ይላሉ፤ በማን ላይ እንደሚወጣ ማወቅ ነው እንጂ።

አሁን ሰውየውን ዋሸ እንዳልል። አልዋሸም። ቢዋሽ ጥሩ ነበር፣ ውሸት ይያዛል። ሥራውን እንዳገኘ ማዕድ ላይ ሆኖ "ቤተሰቤን በሙሉ ይዤ ልገባ ነው" አለ። እናትየው እዚያው ተቀምጣ ነበር፣ ከጎኑ። "ቤተሰቤን በሙሉ" ሲል ሰማች። የድሮ ሰው ናት እንግዲህ… ተሳሳተች።

ልብስ ሰፊ ልጇ ዘንድ ሄደች። "ለሙቀት የሚሆን ስስ ቀሚስ ስፊልኝ፣ እጅጌው አጭር ይሁን" አለቻት። አጭር እጅጌ በዕድሜዋ ለብሳ አታውቅም። እኔም… እህቲቱ ማለቴ ነው፣ "ሲያረጁ አምባር ይዋጁ" ብላ ስቃባት ሰፋችላት። ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። እናትየው መስታወት ፊት ቆማ ክንዷን እያገላበጠች "እይው፣ ፀሐይ ስላላየ አላረጀም እኮ" ትላለች። በማግስቱ ወፍራም ካፖርቷንና ብርድ ልብሷን ለበረኛው ሚስት ሰጠች። ብርድ የሌለበት አገር ምን ያደርግልኛል ብላ። ሰውየው ስትሰጥ አይቷታል። በሩን ከፍቶ ያሳለፈላት እሱ ነው፤ ሸክም ላይ ሰው መርዳት ይወዳል።

ቀሚሱንም ለብሳ መጥታ አሳየችው። አየው። "ያምርብሻል እማዬ" አላት። ከዚያ ስልክ ተደወለለት። ስልኩ ሲጮኽ ማንም አልሰማ፣ እሱ ግን አነሳው፣ እያወራ ወጣ። እንዲህ ያለ ጨዋ ነው። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ሌላም ቃል አይወጣም። እሷ ሻንጣዋን አሽጋ ኮሪደር ላይ አቆመች፤ እሱ በሻንጣው ላይ እየተራመደ ሥራ ይሄዳል፣ እየተራመደ ይገባል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እዚያ ቤት ግን ነቅዟል ጋሼ፣ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ይታያል።

ትንሿ ልጁ ብቻ ናት ያላፈረችው። ውሻዋ በሳጥን፣ ድመቱ በቅርጫት፣ በቀቀኑ በጎጆው እንደሚሄዱ ሲነገራት "አያቴስ በየትኛው ሳጥን ነው የምትሄደው?" ብላ ጠየቀች። ሁሉም ሾርባው ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ አጎነበሰ። እናቷ "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል" አለቻት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምተው ይሆናል፤ እዚያ ቤት ልጅ ለአባቷ ቤተሰብ መቁጠር አስተማረች።

ምነው፣ ኮሽታው ቆመ እኮ። ጋዜጣ አለቀባቸው መሰለኝ… እዚህ ብዙ ጋዜጣ አለ፣ ከፈለጋችሁ ላምጣ… አይፈልጉም። ይለኩ ጋሼ፣ ይለኩ። ጅራቷንም አብረው ያስቡላት። ጅራት የሚቆላ ቦታ አያጣም።

ይኸውልዎ፣ እህቱ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ አግኝታ ያዘችው። የተናገረችው ብዙ አልነበረም። ወይ ውሰዳት፣ ካልወሰድካት እኔ ዘንድ ትኑር፣ ደስታዬ ነው፤ ግን ከአንተ አፍ ትስማው አለችው። ሰውየው እቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፎ አሰበ። ሲያስብ ያምርበታል። ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል ልንገርዎ።

"እሜ… ውሻዋን" አለ። "ውሻዋን ትቼ ብሄድ ለምን እንደተተወች አይገባትም። እማዬ ግን ሰው ናት። ይገባታል።"

አዩ አስተዋይነቱን? "ትረዳኛለች" ማለቱ እኮ ነው። ላላ አድርጎ ነው ያለው፣ እህቱ ሰምታዋለች፣ ትመሰክርለታለች። ግን ቋንቋችን ተንኮለኛ ነው። ያቺው "ይገባታል" ጠበቅ ካለች "የእጇን አገኘች፣ ይበላት" ትሆናለች። እናትየው ደግሞ ሳህን ልትመልስ መጥታ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። ጆሮዋ ከባድ ነው ብዬዎታለሁ፤ ላላ ያለ ነገር አይሰማም፣ የጠበቀ ብቻ ነው የሚያልፈው። እሱ አላልቶ ተናገረ፣ እሷ አጥብቃ ሰማች። ለውሻዋ አይገባትም፣ ለእማዬ ግን ይገባታል።

ሳህኑን አልጣለችም። ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ክፍሏ ገብታ ሻንጣዋን ፈታች፣ ቀሚሱን አጣጥፋ ለእህቲቱ መለሰችላት፣ "ለደንበኛ ሽጪው፣ አልለበስኩትም ማለት ይቻላል" ብላ። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ብበድለው ነው የሚገባኝ?" አለች።

እኔ ይህን ስሰማ… እህቲቱ ይህን ስትሰማ እናቷ አጠገብ፣ ጆሮዋ ሥር ተንበርክካ "እንዲያ አላለም እማዬ፣ ታውቅልኛለች ማለቱ ነው" ብላ ጮኸችባት። ማን ሰምቷት። አሮጊቷ በደሏን ፍለጋ ገብታለች፣ መርፌ እንደጠፋበት ሰው ወለል ለወለል። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲጫወት የመታችውን አገኘች። ጫማ ሲጠይቃት "ያንተ ገና ነው" ብላ ለእህቱ የገዛችውን አገኘች። ይህ አነሳት፤ ለዚህስ እንዲህ አይደረግም ብላ ደግሞ ፈለገች። መጨረሻ ላይ ትልቁን አገኘችው።

ሰውየው ልጅ ሆኖ ከመንገድ ቡችላ አንስቶ አምጥቶ ነበር። አባታቸው የሞተ ሰሞን ነው፣ እቤት ውስጥ ለሰውም የሚበቃ አልነበረም። እናትየው እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ቡችላዋን ለአላፊ አግዳሚ ሰጠች። ልጁ መጥቶ በር ላይ ተቀመጠ፣ ትመለሳለች ብሎ፣ እስኪመሽ። አልተቆጣ፣ አላለቀሰ፤ ያኔም ዝምታ ያውቅበት ነበር። "ያቺ ቡችላ ናት" አለች እናትየው። "ያቺ ናት እንጂ ሌላ ምን አለ። እንግዲህ ይገባኛል።" ይህኛውን አላልታ ትበለው አጥብቃ፣ እህቲቱ መለየት አልቻለችም።

ከዚያ ወዲህ ልጇን አትጠይቅም። ውሻዋን ነው የምትክሰው። ከሳህኗ ሥጋ ሥጋውን እየለየች ታበላታለች፣ ለመንገድ ትበርታ ብላ። ጉልበቷን ታሽላታለች፣ በማይታዘዝ ጣቷ። "እኔን ይቅር በይኝ፣ እሱን ጠብቂልኝ" ስትላት እህቲቱ በጆሮዋ ሰምታለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል ተረቱ? እውነት ነው፣ ውሻዋ አሁን የአሮጊቷ በር ላይ ካልሆነ አትተኛም። በበላበት ዝም የሚል ደግሞ አለ። እሱ ጨዋ ነው እንበል።

ይኸውልዎ እንግዲህ፣ ሰውየው ምን ቀረበት? ይውሰዳት እንኳ አልልም። ደሴቱን እሷም ትታዋለች፤ እህቲቱ አዲስ ካፖርት ጀምራላታለች፣ ብርዱ ሳይመጣ ይደርሳል። የቀረው በሩን አንኳኩቶ ገብቶ፣ ጆሮዋ ሥር ዝቅ ብሎ፣ "አልበደልሽኝም እማዬ፣ እንዲያ ማለቴ አልነበረም" ማለት ነው። አንዲት ቃል ማላላት። ሥራው እኮ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የዛገ ብሎን ሲያላላ የኖረ ሰው አንዲት ፊደል አልላላ አለችው። መሣሪያ ጎድሎት ይሆናል። ጋሼ፣ ትርፍ ካቻቪቴ ካለዎት ትተውልኝ ይሂዱ፣ እልክለታለሁ።

ሰው ሲጠይቀው ደግሞ መልስ አለው። "እናትህስ?" ሲሉት "እህቴ አለችላት" ይላል። እውነት ነው፣ እህት ጥሩ ነገር ናት። ክትባት አትፈልግ፣ ሳጥን አትፈልግ፣ ከሱቅ በላይ ታስሮ የተቀመጠ ዕቃ ናት። እህቲቱም አትጠላውም፣ እንዳይመስልዎ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ከአንድ ሆድ ወጥተው አንዱ ማሽን ሲያቃስት ይሰማል፣ አንዷ ሰው። ደክሟት ነው እንጂ ትወደዋለች። ያን ማታ በር ላይ ቡችላ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠች እሷ ነበረች።

በረራቸው ከነገ ወዲያ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ፣ ይባላል መቼስ። ደሴት ለዚህ ለዚህ ምቹ ነው፤ ዙሪያው ውሃ ነው፣ ሰው ድንገት በር አያንኳኳም። አሮጊትም ዋኝታ አትመጣ። ጉልበቷን ያማታል።

ይስሙ… በሩ ተከፈተ። የወንድሜ እግር ነው፣ ቀኙን ትንሽ ይጎትታል፣ ከሺህ ሰው መሃል አውቀዋለሁ። በኮሪደሩ እየሄደ ነው… ወደ ጓሮው ክፍል… ቆመ። የእናቴ በር ፊት ነው የቆመው። ሜትሩን አያንኳኩት ጋሼ… ግባ። ግባ በሞቴ፣ ምንም አይደለም፣ አትቆጣህም፣ ግባ…

ተመለሰ።

ቁልፍ ነው ያነሳው። ቁልፍ ሲያነሳ ነው የሰማሁት።

ና ወንድሜ፣ ግባ። እሜቴን ልታንሸራሽራት ነው? ውሰዳት፣ ጋሼ ለክተው ጨርሰዋል። ማሰሪያዋ እዚያ ሚስማሩ ላይ አለ። እውነትህን ነው፣ አየር ያስፈልጋታል፣ እዚህ ቤት ዛሬ ይጨንቃል። እኛ? ኧረ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው፣ አንተ አታውቀውም። ቀስ ብለህ እሰራት፣ አትቸኩል፣ ማሰሪያውን ገልብጠህ ነው የያዝከው። ምርቃት ላይ ደርሰን ነበር፤ አሜን የሚል ሰው ሲበዛ ደግሞ ይሰምራል።

ሰውን አምቶ ሳይመርቁ መነሳት ነውር ነው ጋሼ፤ ያን ሰውዬ ልመርቀው። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ባሕሩ ይተኛለት፣ ደሴቱ ይመቸው፣ የነካው ሁሉ ይቀዝቀዝለት። ዕድሜ ይስጠው፣ ረጅም ዕድሜ፤ ጉልበቱ እስኪከዳው፣ ጆሮው እስኪከብድ ይኑር። ልጆቹን ያሳድግለት፤ አስተዋዮች ናቸው፣ ያዩትን አይረሱም። ያን ጊዜ እነሱም ቤታቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ አገር ሲነሱ፣ እግዜር ልባቸውን ያራራለት… እንደ እናት አይዩት ጋሼ፣ እንደ ውሻ ይዩት።

አሜን ይበሉ። አንተም በል እንጂ፣ የኔ ወንድም።